የቱነይድባዋ ኮራጅ

ሠዓሊው ታምሬ ዓርብ ማለዳ ሞቶ የተገኘው በሥዕል መማሪያዋ የሣር ዳስ፣ በራኩባዋ ውስጥ፣ ከገዛ ጠረጴዛው ሥር ነው። ማጅራቱን የተመታበት ድንጋይ ቀለም የሚፈጭበት የራሱ መጅ ነበር።

ፀሐይ የሣር ክዳኑን ሳታልፍ የቱነይድባ ሕዝብ ገዳዩን ለይቶ፣ ፈርዶ፣ ፍርዱንም አጽድቆ ጨርሷል። ምሥራቅ ሱዳን ባለው በዚያ የስደተኞች ካምፕ የተቀደደ ድንኳን ለማስቀየር ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ ሰው ለመኮነን ግን አንድ ብርጭቆ ሻይ ይበቃል።

«ኮራጇ ናት!»

ኮራጇ የሚሏት ፅናትን ነው፤ የሃያ ዓመት ልጅ፣ የታምሬ ተማሪ። ኃጢአቷ የሰው ሥዕል አይታ ማለፍ አለመቻሏ ነው። የብስኩት ካርቶን ላይ ያለውን አንበሳ፣ የጭነት መኪና በር ላይ ያለውን ንስር፣ የሻይ ቤት መጋረጃ ላይ ያለውን አበባ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመምህሯን የታምሬን ሥዕሎች አንድ በአንድ ወደ ደብተሯ ትገለብጣለች። ከሥራቸው ቀኑንና «ከእገሌ እጅ» የሚል ቃል ትጽፋለች። «ሌላው ሌባ ሰርቆ ይክዳል፤ እሷ ሰርቃ ደረሰኝ ትቆርጣለች» እያሉ ይስቁባት ነበር። ዛሬ ግን የሚስቅ የለም።

«ያ ኻላ ኣስካለ፣ የጠራሁሽ ለምርመራ አይደለም» አለ ሁዜይፋ፣ የካምፑ ፖሊስ አለቃ። ማዕረጉ መቶ አለቃ ነው፤ ሕዝቡ በአረብኛው «ሙላዚም» ይለዋል፤ እሱ ደግሞ ኣስካለን «ኻላ»፣ አክስቴ፣ ይላታል። እናቱ የመተማ ሰው ስለሆነች አማርኛ አፉን የፈታበት ነው። «የልጅቷን ቃል ጻፊልኝ፣ ትፈርም፣ ኸላስ! ከጁምዓ ሶላት በፊት መኪናው ወደ ገዳሪፍ እስር ቤት ይዟት ይሄዳል።»

ኣስካለ ሁመራ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት መርማሪ ፖሊስ ነበረች። አሁን በካምፑ የሰላም ኮሚቴ ውስጥ የጠፋ ዶሮና የተሰረቀ ጀሪካን ትዳኛለች። ከዶሮ ጉዳይ የተማረችው ነገር ቢኖር፣ ሕዝብ በአንድ ድምፅ ሲጮህ ዶሮዋ ብዙውን ጊዜ ከጯሂዎቹ በአንዱ ቤት እንደምትገኝ ነው።

«ስትገድለው ያየ አለ?»

«አገሩ ሁሉ ያውቃል።»

«አገሩ ሁሉ ካወቀማ ማንም አላየም ማለት ነው» አለችና ጎንበስ ብላ ወደ ራኩባዋ ገባች።

ሬሳው በአንሶላ ተሸፍኗል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሥዕል አለ፤ ታምሬ ለካምፑ ልጆች ሲያዘጋጀው የነበረው የተረት መጽሐፍ የመጨረሻ ገጽ። ልጆችን ከጅብ የደበቀችው ደግ አሮጊት በራፏ ላይ ቆማ የምትወጣውን ፀሐይ በጎን ታያለች፤ አፍንጫዋ ሰልካካ፣ ሰማዩ ደማቅ ቢጫ። ሥዕሉ አልቋል። ብሩሾቹ ታጥበው ተደርድረዋል።

ኣስካለ ወረቀቱን በጣቷ ጫፍ አንስታ ጀርባውን አየችው። ከላይ፣ በአንደኛው ማዕዘን፣ የምስር ፍሬ የምታህል ቡናማ ነጥብ ወረቀቱን ሰርስራ ወጥታለች። ፊቱን መልሳ ስታይ ግን እዚያ ቦታ ላይ ቢጫ ሰማይ እንጂ ሌላ ነገር የለም። በጥፍሯ ጫፍ ቢጫውን ትንሽ ፈቀፈቀችው። ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው።

ከሟቹ ክንድ አጠገብ የፅናት ደብተር ተዘርግቶ ወድቋል። መሐሉ ላይ አንድ ቅጠል ተቀድዶ ወጥቷል፤ ጥድፊያ ያለበት አቀዳደድ ነው፣ ጥርሱ ቀርቷል።

«ደብተሯን እዚህ ጥላ ሄደች። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለ ሁዜይፋ ከበሩ ላይ ሰዓቱን እያየ።

«ስድስት ሰዓት ድረስ ስጠኝ።»

«ስድስት ሰዓት ከሆነ በኋላ ግን ያላ፣ መኪና ላይ ትወጣለች።»

መጀመሪያ የጠየቀችው ሳፊያን ነው። ሳፊያ ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች የጎንደር እስላም ናት፤ ከራኩባዋ ፊት ለፊት ሻይ ትሸጣለች፣ ሬሳውንም ያገኘችው እሷ ናት። ብርጭቆ እያጠበች ነው የምትናገረው፤ ብርጭቆዎቹ የገደሉ ይመስል ታንቋቸዋለች።

«ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ ሻዩን ወሰድኩለት። አሮጊቷ ገና ፊት አልነበራትም፣ ሰማዩም ነጭ ነበር። ‹ሳፊያ፣ የቀረኝ ፊቷና ሰማዩ ነው፤ ሁለት ሰዓት ይፈጅብኛል› አለኝ። ፊት ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚሠራ። ከዚያ እኔም እንደ ሰዉ ተኛሁ። በዚያ ሙቀት ማን ይነቃል? ወፍጮውም እየጮኸ ነው፣ ሰው ቢታረድ አይሰማም።»

«ስትነቂስ?»

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያቺ ኮራጅ ገባች።»

«ገባች ወይስ በር ላይ ቆመች?»

ሳፊያ ብርጭቆውን አስቀመጠች። «እንግዲህ በር ላይ የቆመ ሰው ይገባል እንጂ በር ሊሸጥ አይመጣ።»

«ስትገባ ግን አላየሻትም።»

«እትዬ ኣስካለ፣ ያቺን ልጅ አታውቂያትም! እኔን ሳለችኝ። አፍንጫዬን ይኼን ታህል አድርጋ!» ክንዷን ዘረጋች።

ኣስካለ የሳፊያን አፍንጫ አየችና ልጅቷ ቸርነት እንዳደረገች ተረዳች። ይህን ግን አልተናገረችም።

«ትናንት ጠዋትስ? መጣላታቸውን ሰምተሻል አሉ።»

«እኔ ብቻ? የጆኒን ሽልማት ልንሰማ ተሰብስበን ነበር። ያሸነፈበትን መጽሐፍ ሽፋን ስልኩ ላይ ለሁላችንም አሳየን፤ ታምሬም መነጽሩን አድርጎ ሲያይ ነበር፣ ዝም ብሎ ወደ ራኩባው ገባ። ፅናት ከራሽን ሰልፍ ዘግይታ፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ መጣችና ደብተሯን ይዛ ወደ እሱ ገባች። ብዙም ሳይቆይ ‹ሌባ!› ብሎ ሲጮህባት ሰማን። ወላሂ፣ ጣራው ተንቀጠቀጠ። ልጅቷ እያለቀሰች ወጣች። ሰው ፊት የተዋረደ ምን አይሠራም?»

ሁለተኛው ደጉ ነበር። ደጉ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ከአባቱ ጋር ገዳሪፍ የገባ፣ ከአባቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ተምሮ በኋላ የሱቅና የጋራዥ ሰሌዳ በመጻፍ የሚኖር ሽማግሌ ነው። የካምፑን ትምህርት ቤት ሰሌዳ ለመጻፍ መጥቶ ከሰነበተ ሦስት ቀኑ ነው። ኣስካለ ስትመጣ ከኒሙ ጥላ ሥር አልተነሣም።

«ገደልኩት ልትይኝ ነው?»

«የት እንደነበሩ ልጠይቅዎ ነው፣ ጋሽ ደጉ።»

«እዚሁ ዛፍ ሥር። ተኝቼ። ምስክሬ ዝንብ ነው።» ተፋ። «ታምሬን አልወደውም ነበር፤ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ አርባ ዓመት እዚህ አገር ቀለም ለቅልቄ አንድ ወጣት ‹ጋሼ አስተምረኝ› አላለኝም። እሱ ትናንት በጀርባው ፍራሽ ተሸክሞ መጣና መምህር ሆነ። እናንተ የካምፕ ሰዎች ስትባሉ…»

«እኛ የካምፕ ሰዎች እንጨርሰው» አለች ኣስካለና በጨርቅ የጠቀለለችውን የአሮጊቷን ሥዕል ገለጠችለት። «ይኼን ትናንት ነው የጨረሰው።»

ደጉ ዓይኑን አጥብቦ አየ። ለአንድ አፍታ ፊቱ ላይ የነበረው ጥላቻ እንኳ ግራ ተጋባ።

«ይቺ ደግ ናት ክፉ?»

«ደግ።»

«ታዲያ ምን በድላው እንዲህ አዋረዳት? አርጅቷል በቃ።» ፊቱን አዞረ። «ውሰጂልኝ። ሬሳ ላይ ሙያ አልተችም።»

ሦስተኛው ጆኒ ነው። ጆኒ የሥዕል ፕሮግራሙ አስተባባሪ ሲሆን፣ ካርቱም አድጎ፣ ጦርነቱ እስኪመጣ ድረስ ሁለት ዓመት ሥነ ጥበብ ተምሯል። የልጆች መጽሐፍ ሥዕል ውድድር አሸንፎ ናይሮቢ ሄዶ ሊማር ነው፤ ከቱነይድባ በገዛ እግሩ፣ በወረቀት፣ በአውሮፕላን የሚወጣ የመጀመሪያው ሰው። እናቶች ልጆቻቸውን «እንደ ጆኒ ሁን» እያሉ መግረፍ ከጀመሩ አንድ ቀን ሆኗቸዋል።

«ማዘር፣ በጣም ነው ያዘንኩት» አለ እጁን ደረቱ ላይ፣ የአንገት ሐብሉ ላይ አድርጎ። «ታምሬ አባቴ ነበር። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ተሰናበትኩት። ሰማዩ ነጭ ነበር፣ ፊቷም ገና። ዕቃዬን ሸክፌ ትንሽ ጋደም አልኩና አሥር ሰዓት ላይ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ወደ ገዳሪፍ ሄድኩ። አድሬ ዛሬ ጠዋት ነው የተመለስኩት። ሹፌሩን ይጠይቁት።»

«ጠየቅሁት። እውነትህን ነው።»

«ሥዕሉ አልቋል አሉኝ። ይኼ ማለት ከአሥር ሰዓት በኋላም በሕይወት ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ማን ወደ እሱ እንደሄደ ደግሞ…» ትከሻውን ሰበቀ። «ልጅቷ በሽተኛ ናት፣ ማዘር። የራሷ የሆነ አንድ መስመር የላትም። እኔ የሰው ሥዕል አላይም፤ ካየሁ እጄ ይበከላል። ኦሪጅናል መሆን ዋጋ ያስከፍላል።»

«የታምሬንም አታይም ነበር?»

«ፎቶ አንስቼ ለመሥሪያ ቤቱ እልክ ነበር፤ ሥራዬ ነው። ማየትና ፎቶ ማንሳት ግን ይለያያል፣ ማዘር።»

«እሱስ ልክ ነህ» አለች ኣስካለ።

ፅናት የፖሊሱ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እጆቿ በካቴና። ኣስካለ ስትገባ ቀና አላለችም።

«ጻፊው፣ ኣደይ ኣስካለ። ኮራጅ ነኝ። ሌባ ነኝ። ገዳይ የሚለውን ደግሞ እነሱ ይጨምሩልሽ።»

«ትናንት ጠዋት ምን እንደተባባላችሁ ንገሪኝ። ልቅሶውን ተይና ቃሉን።»

ልጅቷ አፍንጫዋን በትከሻዋ ጠረገች። «ሁልጊዜ ሐሙስ ደብተሬን ያይልኛል። ቁጭ ብሎ ገለጠ፣ ገለጠና አንድ ገጽ ላይ ቆመ። አሮጊቷ ልጆቹን አልጋ ሥር ስትደብቅ፣ ጅቡ በመስኮት ሲያይ፤ የእሱ ሥዕል ነው። ‹ይኼን መቼ ነው የገለበጥሽው?› አለኝ። ‹ከሁለት ዓመት በፊት፣ ቀኑ ከሥሩ አለ› አልኩት። ቀኑን አየ። ፊቱ ተለዋወጠ። ብድግ ብሎ ‹ሌባ!› አለ። ሦስት ዓመት እያየ ዝም ያለኝን ሰውዬ ምን እንደነካው እንጃ። ‹ደብተሩ እኔ ጋ ይቆይ፣ ውጪ› አለኝ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይቅርታ ልጠይቀው ሄድኩ። በሩ ገጠም ብሏል። ‹ጋሼ› ብዬ ተጣራሁ፣ ዝም አለኝ። አሁንም ተቆጥቷል ብዬ ተመለስኩ። አኩርፎኝ መስሎኝ ለሬሳ ስለማመጥ ነበር።»

ኣስካለ ሥዕሉን ገለጠችላት። ፅናት አይታው ወዲያው፣ በቁጣ ጭምር፣ «ይኼ የጋሼ እጅ አይደለም» አለች።

«በምን አወቅሽ?»

«አርባ ስድስት ሥዕሉን ገልብጫለሁ። ጋሼ ደግ ሰው በጎን አይስልም፤ ፊቱን ወደኛ አዙሮ ሁለት ዓይን ያደርግለታል። በአንድ ዓይን፣ በጎን የሚስለው ጅቡን፣ ሽፍታውን፣ ሰይጣኑን ነው። የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ልማድ ነው። ነግሮኝ አይደለም፤ ስገለብጥ፣ ስገለብጥ እጄ ደረሰበት። ዝም ብሎ የሚያይ ሰው አያስተውለውም።»

ኣስካለ ሥዕሉን መልሳ ጠቀለለችው። የሽማግሌው የደጉ ግራ መጋባት አሁን ገባት።

«ከደብተርሽ የተቀደደውን ገጽ ሳታይው መልሰሽ መሳል ትችያለሽ?»

«የተቀደደ ገጽ አለ?» አለች ልጅቷ፤ መታሰሯን የሰማች ያኔ ገና ይመስል ክው ብላ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ራኩባዋ በር ላይ ቆሟል። ሕዝቡ ልጅቷ ስትጫን ለማየት ከራሽን ሰልፍ በተሻለ ሥነ ሥርዓት ተሰልፏል። ኣስካለ ሳፊያን፣ ደጉንና ጆኒን ከፊት አስቀመጠች። ፅናትን አጠገባቸው አስቆመቻት። አንዲት ሴት ወደ ልጅቷ እግር ተፋች።

«ያ ኻላ፣ ሶላት!» አለ ሁዜይፋ።

«ሩብ ሰዓት ታገሠኝ፣ ልጄ። ንጹሕ ሰው አስረህ ከምትሰግድ ዘግይተህ ብትሰግድ ይሻላል።» ከዘይት ካርቶን የተቀደዱ ሦስት ቁራጮችና ሦስት ከሰል አወጣች። «የልጆቹ መጽሐፍ መጨረሻው ገጽ ተበላሽቷል። እዚህ የሚስሉ ሰዎች ሦስት ናቸው። ደግ አሮጊት ሳሉልኝ፤ በራፏ ላይ የቆመች። ሌላ ምንም አልልም።»

«ነፍሰ ገዳይም ትስላለች?» አለ ጆኒ እየሳቀ።

«እሷም ትሳል። ካንተ ጋር ብትወዳደር ትዋረዳለች እንጂ ምን ትሆናለች?»

ጆኒ ከሰሉን አነሣ። ደጉ እያጉረመረመ ጀመረ። ፅናት በካቴና በታሠሩ እጆቿ፣ ካርቶኑን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ሳለች። ሲጨርሱ ኣስካለ ሦስቱንም ቀና አድርጋ ለሕዝቡ አሳየች። የደጉ አሮጊት የበሬ ዓይን በሚያክሉ ሁለት ዓይኖች ታፈጣለች። የፅናት አሮጊትም ፊቷን ወደ ሰዉ አዙራ ሁለት ዓይኗን ከፍታለች። የጆኒ አሮጊት በጎን ቆማለች፤ አፍንጫዋ ሰልካካ፣ አንገቷ ረዥም፣ ከሁሉም ይበልጥ ያማረች። ሕዝቡ አጨበጨበለት። ጆኒ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ምስጋናውን ተቀበለ።

«ቆንጆ ናት» አለች ኣስካለ። «አሁን የሟቹን የመጨረሻ ሥዕል እዩ።»

ጎን ለጎን ያዘቻቸው። ጭብጨባው ቀዘቀዘ። ሁለቱ አሮጊቶች አንድ እናት የወለደቻቸው ይመስላሉ።

«ጋሽ ደጉ፣ ደግ ሰው እንዴት ይሳላል?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? በሁለት ዓይን ነዋ! አንድ ዓይን ለይሁዳና ለዲያብሎስ ነው። ይኼንን የማያውቅ ሠዓሊ ነኝ ይላል?» ደጉ ወደ ጆኒ ዞሮ በንቀት አየው።

«ታምሬም በዚህ ልማድ ነበር የሚስለው። ፅናት ከገለበጠቻቸው አርባ ስድስት ሥዕሎቹ አርባ አምስቱ እዚህ ደብተሯ ላይ አሉ፤ አንድም ደግ ሰው በጎን የለም። እንግዲህ ይኼን ፊት የሳለው ታምሬ አይደለም። ጋሽ ደጉና ፅናት ልማዱን ያውቃሉ። የማያውቀው የሰው ሥዕል ማየት እጁን የሚበክለው ሰው ብቻ ነው።»

«ማዘር፣ በአፍንጫ ሰው ይታሠራል?» ጆኒ ወደ ሁዜይፋ ዞረ። «ታምሬ አንድ ቀን አመሉን ቢቀይርስ?»

«ልክ ነው» አለ ሁዜይፋ። «ይኼ ማስረጃ አይሆንም።»

«አይሆንም። ይኼስ?» ሥዕሉን ገልብጣ በጀርባው ያለውን ቡናማ ነጥብ አሳየችው፣ ከዚያ ፊቱን። «ደም ነው። ታምሬ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ሲመታ የተፈናጠረ። በዚህ በኩል ግን አይታይም፣ ለምን? ቢጫው ሰማይ ከላዩ ተቀብቷል። የፈቀፈቅኩበትን ቦታ እይ፤ ቢጫው ሲነሣ ሥሩ ደም ነው። ሙላዚም፣ የሞተ ሰው በራሱ ደም ላይ ሰማይ ይቀባል?»

ሁዜይፋ ወረቀቱን ተቀብሎ ለረዥም ጊዜ አየው። እጁን አንሥቶ ሹፌሩን ሞተር እንዲያጠፋ አዘዘ።

«ሥዕሉን የጨረሰው ገዳዩ ነው» አለች ኣስካለ። «ለምን ጨረሰው? ስምንት ሰዓት ላይ ፊትና ሰማይ እንደሌለው ሳፊያ አይታለች፤ ሁለት ሰዓት እንደሚፈጅም ሰምታለች። ሥዕሉ አልቆ ከተገኘ ታምሬ እስከ አሥር ሰዓት በሕይወት ነበር ይባላል። ይኼ የሚጠቅመው አሥር ሰዓት ላይ መኪና የሚሳፈርን ሰው ብቻ ነው። ፅናት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰው እያያት ነው የመጣች፤ ለእሷ ያለቀ ሥዕል የሚያንቃት ገመድ ነው። ጋሽ ደጉ ቀኑን ሙሉ ምስክራቸው ዝንብ ነው፤ ሰዓት ቢዞር ምንም አይጠቀሙም።»

«ግን ‹ሌባ› ብሎ የሰደባት እሷን ነው!» አለች ሳፊያ። «በጆሯችን ሰምተናል።»

«ቃሉን ሰማችሁ፤ ለማን እንደሆነ ግን ሳታዩ እናንተው ሰጣችሁት። እሷም ለራሷ ወሰደችው።» ኣስካለ ሌላ የታጠፈ ካርቶን ከጉያዋ አወጣች። «ይኼ ከደብተሩ የተቀደደው ገጽ ነው። ልጅቷ እስር ቤት ውስጥ፣ እኔ ፊት፣ ከትውስታዋ የሳለችው። ትናንት ጠዋት ራሽን ሰልፍ ላይ ነበረች። ስልክ የላትም። ሳፊያ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

ሳፊያ አንገቷን አሰገገች። አሮጊቷ ሁለት ልጆችን አልጋ ሥር ስትደብቅ፣ ጅቡ በመስኮት ሲያይ። አፏን በእጇ ያዘች።

«ይኼማ የጆኒ መጽሐፍ ሽፋን ነው! ትናንት ያሳየን! ብቻ… ሽፋኑ ላይ ልጁ አንድ ነው።»

«ኮረጀችኝ!» ጆኒ ብድግ አለ። «አላልኳችሁም? የኔንም ኮረጀች!»

«ካንተ ከኮረጀች ሁለተኛውን ልጅ ከየት አመጣችው?» አለች ኣስካለ በእርጋታ። «ልጁ አጠገብ፣ እዚህ ታች፣ ‹ታምሬ› የሚል ፊርማም አለ። ስሙ የነበረበት ጎን ሲቆረጥ ልጁም አብሮ ተቆረጠ፤ ደብተሩ ላይ ግን ሁለቱም ነበሩ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ከነበረው ቀን ጋር። ታምሬ ትናንት ሽፋኑን አየ፣ ደብተሩን አየ፣ ‹ሌባ!› አለ። ደብተሩን ያስቀረውም አንተን ሊሞግትበት ነው። ፎቶውን ያነሣኸው አንተ ነህ። ሙላዚም፣ ስልኩን ተቀበለው።»

ጆኒ ስልኩን ወደ ኪሱ ሲሰድ የሁዜይፋ እጅ ቀደመው። ጣቱን ይዞ በግድ አስከፈተው። ሁዜይፋ ብዙ ፎቶ ወደ ኋላ ገፋ፤ ከዚያ ጣቱ ቆመ። ካርቶኑን አየ፣ ስልኩን አየ።

«ሁለት ልጅ» አለ። «ስሙም አለ።»

ጆኒ መጀመሪያ ሳቀ፤ የሚከተለው ሰው ሲያጣ አቆመ።

«ሥዕሎቹን እዚህ ሊያበሰብሳቸው ነበር!» ብሎ ጮኸ። «ይኼን የሚያህል እጅ ይዞ ለካምፕ ልጆች ጅብ ይስላል! ‹ለናይሮቢዎቹ በስሜ አስተካክለህ ጻፍ፣ ያለዚያ ዛሬ ሳይመሽ ለሁሉም እናገራለሁ› አለኝ። ሥዕሎቹን ያወጣኋቸው እኔ ነኝ! ከዚህ አቧራ ያወጣኋቸው! እናንተ ማናችሁን አወጣችሁ?»

ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ለፅናት ወደ መጣው መኪና አወጡት። ከሕዝቡ ኋላ አንድ ድምፅ «እኔማ ያንን የአንገት ሐብል ሳይ ነው የጠረጠርኩት» አለ። ወዲያው ሁሉም ጠርጥሮ ነበር። ወደ ፅናት እግር የተፋችው ሴት ከሁሉም ቀድማ መጠርጠሯን ለአጠገቧ ሰው ትምላለች።

ሳፊያ አንድ ብርጭቆ ሻይ ስኳሩን አብዝታ ለፅናት አቀረበች። ፅናት ሻዩን አየችው እንጂ አልተቀበለችም። ሳፊያ ይዛው ቆመች፣ ቆመችና ራሷ ጠጣችው።

ሁዜይፋ ካቴናውን ፈታ። ደብተሩ ለፍርድ ቤት ስለሚያስፈልግ እንደማይመለስላት ነገራት፤ ከዚያ መሬት መሬት እያየ «ማሊሽ» አለ፣ በአረብኛ ይቅርታ ሲጠይቅ።

«ማሊሹን ተወው» አለች ፅናት አምባሯን እንደምታስተካክል ሴት አንጓዋን እያሸች። «ተስሪህ ፈርምልኝ። ገዳሪፍ መሄጃ።»

ከካምፑ መውጫ ፈቃድ ማግኘት ወራት የሚፈጅ ነገር ነው። ሁዜይፋ ወደ ኣስካለ ዞረ፤ ኣስካለ ሰማዩን ታያለች።

«ገዳሪፍ ምን አለሽ?»

«ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የጋሽ ደጉ ሥዕሎች አሉ አሉ። ልገለብጣቸው ነው።»

ወደ ኒሙ ጥላ ተመልሶ የነበረው ሽማግሌው ደጉ እንደ ተነካ ንብ ተነሣ። «ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንንም አልጠየቅሁም።»

የጁምዓው አዛን ከሩቅ ተሰማ። ሁዜይፋ ተራግሞ፣ ወረቀት አውጥቶ፣ የመኪናው ኮፈን ላይ አድርጎ ፈረመ። ደጉ ብሩሾቹን በቁጣ ወደ ከረጢቱ ሲወረውር ቆየና፣ ፊቱን ሳያዞር፣ እንደ ስድብ አድርጎ፦

«ከግራው ግድግዳ እንዳትጀምሪ። እሱን ስሠራ ልጅ ነበርኩ፣ እጄ አልጠናም» አለ።